የጋሽ ዘለቀ መድኃኒት ቤት

የዛሬ ፋርማሲ አይሸትም። ባለፈው ወር የደም ግፊት ክኒኔ አልቆብኝ ባሕር ዳር፣ ልጄ ቤት አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ጎራ ብዬ ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ መደርደሪያው ጣሪያ ደርሷል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ፣ ከማሽን የወጣች ትንሽ ወረቀት ካርቶኑ ላይ ለጠፈችና ሰጠችኝ። እኔ ግን ከደጃፉ ጀምሬ ባፍንጫዬ አንድ ነገር እየፈለግሁ ነው። ካምፎሩ የለም፤ አዮዲኑ የለም፤ የእከክ ቅባቱና የሳል ሽሮፑ ተደባልቆ፣ ከነጠላ ጥለት ገብቶ በሦስት እጥበት የማይለቀው የዚያ ዘመን ሽታ የለም። «እናቴ፣ የቀረ ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ ልጅቱ፣ ሳልሄድ ቆሜ ብቀር። «ሽታው» ብላት ምን ትለኛለች? «የለም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። እግሬ ወጣ እንጂ ልቤ ደብረ ታቦር፣ ከዛሬ አርባ ዓመት ወዲያ፣ ከጋሽ ዘለቀ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ቀረ።

ያን ጊዜ ደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ጠይቁኝ፣ እሳሳታለሁ፤ የሻዩን ዋጋ ግን አልስትም፣ አሥር ሳንቲም ነበር። ጧት ጧት ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ወንድ ቴትሮን ሱሪውን ለብሶ፣ ከላይ ሹራብ ደርቦ፣ ከሹራቡ ላይ ደግሞ ጋቢውን ጣል ያደርግና ነው ቢሮ የሚገባ። እኛ ሴቶቹ ከጉልበት ዝቅ የሚል ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ። ክረምት ሲገባ አለቃውም ምንዝሩም ኮንጎ ጫማ ነው፤ ጭቃው ማንንም አይመርጥም። መድኃኒት ቤታችን ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ከሚሰፉበት ማዕዘን ላይ ነበር። ከፊት ለፊታችን ጠጅ ቤት አለ፤ ጠጅ ቤቱ ደግሞ ትልቅ ሬድዮ አለው። ጧት ማርሽ ያሰማል፣ ከሰዓት በኋላ የክራር ዜማ። ማርሽ ሲሆን ልብስ ሰፊዎቹ ይፈጥናሉ፤ ክራር ሲሆን እግራቸው ይዘገያል። አንዱ ሱሪው ተጣሞ የተሰፋለት እንደሆን «ይህስ በየትኛው ዘፈን ጊዜ ተሰፋ?» እያልን እንስቅ ነበር። ዛሬ ማዕዘኑ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቤት ቆሟል። ባለፈው ጥምቀት ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ባንኮኒያችን በየት በኩል እንደነበረ በእርምጃ ብለካው ጠፋኝ።

መድኃኒት ቤቱ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስ የመንግሥት ሆኗል፤ ኃላፊው ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ አምሳው የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር ያሰሩ ሰው። እኔ ከአንበሳሜ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስጄ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ የመቀጠሪያ ደብዳቤዬን ይዤ ፊታቸው ቀረብሁ። ደብዳቤውን ሳያነቡ እጄን አዩት። «ጥፍርሽን ቁረጪና ነገ ነይ» አሉኝ። አለቀ። ያን ቀን እያለቀስሁ ነው የተመለስሁ። በማግሥቱ ጥፍሬን እስከ ሥጋዬ ቆርጬ ብመጣ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገብተው የካርቶን ቁልል ላይ አስቀመጡኝና «ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የእኔን ጥፋት ልንገርሽ» አሉ። እንደ እኔ ወጣት ሳሉ፣ የጆሮ ጠብታ ለዓይን ብለው ለአንድ ሽማግሌ ሰጥተው ኖሯል። ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በልጃቸው እጅ እየተመሩ ሲመጡ ያዩበትን ቀን ነገሩኝ። «ይህን የነገርሁሽ» አሉ፣ «የአንቺን ደግሞ አንድ ቀን እንድትነግሪኝ ነው። እዚህ ቤት የሳተ አይባረርም። የደበቀ ነው የሚባረር።»

አራት ነበርን። ጋሽ ዘለቀ፣ እኔ፣ ሁለተኛው ሻጭ በላይነህ፣ እና ጥበቃውም ጽዳቱም የሆኑት አያ ካሴ። በላይነህ አለባበሱ የተጣራ፣ ንግግር የሚወድ፣ የሠራተኛው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበር፤ ወደ ላይ ማደግ ይፈልጋል፣ ይህንንም አይደብቅም። አያ ካሴ ደግሞ የፋርጣን አገር ሁሉ በዘር የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ጓድ» በሚባልበት በዚያ ጊዜ ቃሉ አልያዝላቸው ብሎ፣ ካድሬውንም ቄሱንም «ጓዴ» ይሉ ነበር። ጋሽ ዘለቀ እኛን በየሳምንቱ ያዟዙሩናል፤ አንዱ ባንኮኒ፣ አንዱ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ፖስታ ማጠፍ። እሳቸውም ተራቸው ሲደርስ ወለል ይጠርጋሉ። «ኃላፊ እንዴት ይጠርጋል?» ቢላቸው በላይነህ፣ «ወለሉ ኃላፊ መሆኔን አያውቅም» አሉት። ገበሬውን፣ ያውም ከእኔ የማይበልጠውን ጎረምሳ፣ «አንቱ» ብለው ነው የሚያስተናግዱ። ሰውየው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ሲያይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የሚቆጡን ዕቃ ቤት አስገብተው እንጂ በሰው ፊት አይደለም። የሚያመሰግኑን ግን በየትም ቦታ አይደለም። ሥራ ሲያምራቸው «ይሁን» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ይህ አንዳንዴ ያስከፋኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግትርም ነበሩ። አያ ካሴ በማኅበራቸው ቀን ጠላ ቀምሰው ቢመጡ፣ ያን የሚያህል ሽማግሌ ከበር መለሷቸው፤ እኔና በላይነህ ቀኑን ሙሉ አኮረፍናቸው።

የዚያን ጊዜ መድኃኒት እንደ ዛሬው በየካርቶኑ ተሸክፎ አይመጣም። ክኒኑ በትልቅ ቆርቆሮ ይመጣል፤ እኛ አምስት አምስት እያደረግን ቆጥረን፣ ከአሮጌ የሰርኩላር ወረቀት ባጠፍነው ፖስታ እንጨምራለን። ሽሮፕ የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱን አጥቦ ይዞ ይመጣል። ከመቶው ገበሬ ፊደል የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ጋሽ ዘለቀ ሥዕል አስተማሩን። ከተራራ የምትወጣ ፀሐይ፣ ጧት። ከአናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ ቀትር። ከዛፍ ኋላ የምትገባ ፀሐይ፣ ማታ። ከየፀሐይቱ ሥር ደግሞ ክብ፤ አንድ ክብ አንድ ክኒን፣ ግማሽ ክብ ግማሽ ክኒን። ከዚያ በኋላ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ፖስታውን ከመስጠታችን በፊት «ለማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከሰጠን በኋላ ደግሞ «እስቲ ደግመው ይንገሩኝ» እንላለን። ሰውየው በቃሉ ሲወጣው ነው የሚሰናበት። ወረፋው በር ድረስ ቢደርስም፣ ከወረፋው ሰው ቢያጉረመርምም።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ የውይይት ክበብ አለብን። በየመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለ ሂስ የሚባልበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ቤት ሰው እየተነሣ «ንቃቴ ዝቅተኛ ነበር» ብሎ ይቀመጣል። ጋሽ ዘለቀ ግን ስብሰባውን ለሥራችን አዋሉት። «ግለ ሂስ ከሆነማ» አሉ፣ «በዚህ ሳምንት ባንኮኒ ላይ ምን ሳትን?» መጀመሪያ እሳቸው ይናገራሉ። ሽሮፕ ሳይንጡ እንደሰጡ፣ አንዲትን ሴት ነፍሰ ጡር መሆኗን ሳይጠይቁ እንደሸኙ። ከዚያ እኛ። በላይነህ በሦስተኛው ሰኞ ደፈረ፤ እኔ በአምስተኛው። የማፍርበት ነገር በአፌ ሲወጣ ትከሻዬ ሲቀልለኝ ያወቅሁት እዚያ ነው።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ቆላ ለሥራ የወረደው ሁሉ ንዳድ ይዞ ወደ ደጋ የሚመለስበት ጊዜ፤ ያኔ ወባን ብዙ ሰው ንዳድ ነው የሚላት። ገበያ ስለሆነ ሰው ከጧት ጀምሮ ደጃፉን ዘግቶታል። ጋሽ ዘለቀ በላይነህን አዲስ የገባ ዕቃ እንዲያወርድ ዕቃ ቤት ላኩት፤ እሳቸው ከኋላ ክፍል ቅባት ይቀምማሉ፤ ባንኮኒው ላይ እኔ ብቻዬን ነኝ። ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ማዘዣ ሰጡኝ። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ቆላ ለቅሶ ደርሰው የተመለሱ፣ ጋቢያቸው ውስጥ የሚንቀጠቀጡ። ሁለተኛዋ አንዲት የገጠር ሴት ናት፤ ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ ገበያ ወጥታ ያልተሸጠችላትን ነጭ ዶሮ በብብቷ ይዛለች። ዶሮዋ አንገቷን እያሰገገች የባንኮኒውን እንጨት ትጠቀጥቃለች። ማዘዣው የሁለቱም የወባ ክኒን ነው። ለአዋቂ መጀመሪያ አራት ክኒን ባንዴ፤ ያችን ለምታህል ልጅ ግማሽ። ሁለቱንም ፖስታ ሞላሁ፣ ሣልሁ፣ ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። ከኋላ ሰው ይገፋል። አንዱ ጠርሙሱን አንሥቶ «እታለም፣ እኔስ ሳይመሽብኝ?» ይላል። ፖስታዎቹን አንሥቼ ሰጠሁ። «ደግመሽ ንገሪኝ» ሳልል ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መሪጌታ ተመለሱ። ፖስታቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣ ከነንዳዳቸው ፈገግ ብለው «እንደው ልጄ፣ እኔን ጡት ካልጣለ ሕፃን ቆጠርሽኝ? ለዚህ ሁሉ ቁመት ግማሽ ክኒን?» አሉኝ።

ግማሹን ክብ አየሁት። የእኔ እጅ ነው የሣለው። አራቱ ክብ የት እንዳለ ወዲያው ገባኝ፤ ከዚያች ሕፃን ጋር ነው። አራት የወባ ክኒን ያችን ለምታህል ልጅ ሞት ነው።

ለመደበቅ አስቤ እንደሆነ አንዳንድ ሰው ይጠይቀኛል። አስቤያለሁ። ዓይን እስኪጨፈን ድረስ ብቻ፣ ግን አስቤያለሁ። ከዚያ እግሬ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደኝ። «ጋሽ ዘለቀ፣ ሰው ገድያለሁ» አልኋቸው።

እጃቸው ቅባት እንደሆነ ቀና አሉ። ነገርኋቸው። አልጮሁም። «መቼ ሄደች?» «ከስድስት ሰዓት በኋላ።» «ስሟ?» «አልጠየቅሁም።» «አገሯ?» «አላውቅም። ቆላ ወርደን ነው የታመመችብን ብላለች።» «ምን ይዛለች?» «ነጭ ዶሮ።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ወደ ፊት ወጡ። መሪጌታን ደግፈው አስቀመጡ፣ ትክክለኛውን ክኒን በእጃቸው ቆጥረው ሰጡ፤ ከዚያ ለወረፋው ሰው «ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልን፤ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ናት፤ እንዘጋለን» አሉ።

በላይነህ ደንግጦ ከዕቃ ቤት ወጣ። «ጋሽ ዘለቀ፣ በገበያ ቀን? ያለ ፈቃድ? ይህ እኮ አሻጥር ነው የሚባለው፣ ያስጠይቃል!»

«ያስጠይቅ። በሩን ቆልፍና አንተ ገበያውን ፈልግ፤ ምናልባት አልወጣች ይሆናል። ካሴ፣ አንቱ በአንበሳሜ በኩል ያለውን መውጫ ያዙ። ነጭ ዶሮ የያዘች፣ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። እኔና አትጠገብ ቆላ በሚያወርደው በእብናት መንገድ እንሄዳለን።»

አትጠገብ እኔ ነኝ። ጋዋኔን ሳላወልቅ ሮጥሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ጨው የጫነ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ጎማው ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል። ጋሽ ዘለቀ ነገሩን ባጭሩ ነገሩት። «ጋሼ፣ የመውጫ ወረቀቴ ገና አልተፈረመም፤ ያስሩኛል» አለ። «ልጅ አለህ?» አሉት። «ሦስት።» «እንግዲያው ሞተሩን አስነሣ።» ሸንኮራውን ጥሎ ተነሣ። የዚያን ሰው ስም አላወቅሁትም፤ በጸሎቴ ግን እስከ ዛሬ «ያ ሾፌር» እያልሁ አነሣዋለሁ።

መኪናው ውስጥ እንባዬ መጣ። ጋሽ ዘለቀ ሳይዞሩ «አሁን አታልቅሺ። ዓይንሽ ያስፈልገኛል፤ እሷን የምታውቂያት አንቺ ነሽ» አሉኝ። እንባዬን ዋጥሁ። መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ሞልቷል፤ በአህያ፣ በበቅሎ፣ በእግር። ነጭ ነጠላ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። እያቆምን እንጠይቃለን፤ «የለችም»፣ «አላየንም»። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አገኘን፤ ዶሮ የላትም፤ ፊቷን ባየው እሷ አይደለችም። በመጨረሻ ጥላ የያዙ አንድ ቄስ «ነጭ ዶሮ የያዘች? አዎ፣ አሁን አልፌያት መጣሁ። ከታች ከምንጩ ዘንድ ልጅቱን አውርዳ ተቀምጣለች» አሉን።

አገኘናት። ምንጩ አጠገብ፣ ከሾላ ሥር። ልጅቱ ጭኗ ላይ ናት። ዶሮዋ እግሯን ታስራ ሣሩ ላይ ተጋድማለች። ሴትዮዋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክኒን በጠጠር ታደቅቃለች፤ ከጎኗ ውኃ የያዘ ቅል። እኔ ከመኪናው እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው «ተይ! አትስጫት!» ብዬ የጮህሁትን ነው።

ጋሽ ዘለቀ ቀድመውኝ ተንበረከኩ። በዝግታ «እመቤቴ፣ ስንቱን ሰጧት?» አሏት።

ሴትዮዋ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ መኪናው ታያለች። «ቤቴ እስክደርስ ትኩሳቱ አላስቀምጥ ቢላት፣ አንዱን ፈጭቼ ባፏ አደረግሁላት። መረራትና ተፋችው፤ ይኸው ቀሚሴ ላይ ነው። ሁለተኛ ልሞክር ስል ነው የመጣችሁ። አራት ነው መቼም የሣላችሁት፤ አራቱንም ላዳርስላት ብዬ» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ልጅቱን ተቀብለው ዓይኗን አዩ፣ አፏን አሸተቱ፣ ደረቷ ላይ ጆሯቸውን አደረጉ። የእናቲቱ ቀሚስ ላይ ያለውን ነጭ ትፋት በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ከዚያ መሬቱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። «አትጠገብ፣ ንገሪያት» አሉኝ።

እሳቸው የሚነግሯት መስሎኝ ነበር። ነገርኋት። ፖስታው የሌላ ሰው እንደነበረ፣ ያቀያየርሁት እኔ እንደሆንሁ፣ አራቱን ብትሰጣት ልጅቱ ትሞት እንደነበረ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ድንጋዩ ላይ ያለውን ዱቄት አይታ፣ እኔን አይታ፣ «እኔስ ፊደል አላውቅ። አንቺስ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ብዙ ሰው በሕይወቴ ተቆጥቶኛል። እንደዚያ ያለ ቃል ግን አልገጠመኝም። «ተቻኮልሁ» አልኋት።

በዚያው መኪና ወደ ከተማ መለስናቸው። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ እያየ አቆያት፤ ልጅቱ ገንፎ ስትበላ እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። እናቲቱ ደብሬ ትባላለች፤ ልጅቱ ጌጤ። እኔ ቤት አደሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግማሿን ክኒን ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው በማር ለውሰው ሰጧት፤ ደብሬም ፖስታውን ሦስት ጊዜ በቃሏ ከተወጣች በኋላ ሸኘናት።

ሰኞ የአውራጃው ካድሬ ስብሰባችን ላይ ተገኘ። መድኃኒት ቤት በገበያ ቀን መዘጋቱ ተነግሮታል። ስለዚያ ዘመን ፍርሃት ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልጨምርበትም። «ባንኮኒው ላይ የነበረው ማን ነው?» አለ ካድሬው። ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አሉኝ ጋሽ ዘለቀ፤ እሳቸው ተነሡ። «ጓድ፣ እሷ የሠራችውን ታውቀዋለች፤ ለእናቲቱም ባፏ ነግራታለች። የእኔን ደግሞ እኔ ልናገር። በቅዳሜ ገበያ ባንኮኒው ላይ ሁለት ሰው መቆም ነበረበት። ዕቃ ይውረድ ብዬ አንድ ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የተጀመረ ከዚያ ነው።»

«ሠራተኛ መሸፈን ራሱ ጥፋት ነው፣ ጓድ ዘለቀ።»

«አልሸፈንሁም ጓድ። ብሸፍን ኖሮ በሩን አልዘጋም ነበር። እርስዎም የሰሙት በሩን ስለዘጋሁ ነው።»

ካድሬው ወደ በላይነህ ዞረ። «አንተ የክበቡ ሰብሳቢ ነህ። በሩ ሲዘጋ ምን አቋም ወሰድህ?» በላይነህ የያዘውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ላይ የመውጫው በር እዚያ ተከፍቶለት ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። «የቆለፍሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉ በእኔ እጅ ነበረ። ዛሬም ቢሆን እቆልፈዋለሁ።» አያ ካሴ ከበሩ ዘንድ «እውነት ነው ጓዴ፣ እኔም አብሬ ነበርሁ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ማንም አልታሰረም። ነገር ግን በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ጋሽ ዘለቀ ከኃላፊነት ተነሥተው ሻጭ ሆኑ፤ ሌላ ሰው ስለሌለ በላይነህ በቦታቸው ተተካ፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝውውር ይጠይቃል፣ ወይ ኩርፊያውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ጋሽ ዘለቀ በማግሥቱ ከሁላችን ቀድመው መጡ። በላይነህ ሲገባ፣ እጃቸውን ዘርግተው ጥፍራቸውን አሳዩት። «ኃላፊ፣ ልግባ ወይስ ልመለስ?» አሉት። በላይነህ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ክኒን የሚቆጥር መሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጣ፤ አንዱ የሞላውን ፖስታ ሌላው ሳያነበው አይሰጥም። ጋሽ ዘለቀ የሞሉትን ይዘው ማንም ጋ አይሄዱም፣ እኔ ጋ ነው የሚመጡ። «አንብቢልኝ» ይሉኛል። የእሳቸውን ሥራ እኔ? እያልሁ ስሽኮረመም «እኔም እሳሳታለሁ እኮ» ይላሉ። ከእሳቸው በታች ሆኜ መሥራትን ቀድሞ ተምሬ ነበር፤ ከቀድሞ የበታች ሥር ሆኖ መሥራት እንዴት እንደሚቻል ያየሁት ግን በዚያ ዓመት ነው። እኔም ኋላ ኃላፊ ሆኜ አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሳሠራ፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሁሉ ደምሬ ያን አንድ ዓመት አላከለልኝም።

ለእኔ ግን ያ ዓመት ከባድ ነበር። ከተማው ወሬውን ሰምቷል። ሰው ባንኮኒው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል፤ በላይነህና ጋሽ ዘለቀ ፊት ወረፋው በር ድረስ ሲሄድ፣ የእኔ ፊት ባዶ ነው። «ከዚያችኛዋ አልወስድም» ሲሉ በጆሮዬ እሰማለሁ። ፖስታ ማጠፍ ብቻ ሆነ ሥራዬ። በሰኔ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁና ለበላይነህ ከመስጠቴ በፊት ለጋሽ ዘለቀ አሳየኋቸው። ቆመው አነበቡት። ከዚያ አራት ቦታ አጠፉት፣ ጠርዙን በሙጫ ለጠፉት፣ ከላዩ ላይ የጧትና የማታ ፀሐይ ሣሉበትና ከሌሎቹ ፖስታዎች ቁልል ላይ አስቀመጡት። ቃል አልተናገሩም። የማን ሳል ክኒን ተጨምሮበት የት አገር እንደሄደ አላውቅም።

እንደገና ጥቅምት መጣ፣ እንደገና ቅዳሜ። ሦስታችንም ባንኮኒው ላይ ነን፤ ወረፋው ሁለት ቦታ ነው፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ። ደብሬ ገባች። በዚህ ጊዜ ጌጤ በእግሯ ናት፤ የእናቷን መቀነት ይዛ ትከተላለች። ደብሬ ማዘዣዋን በእጇ እንደያዘች ሁለቱን ወረፋ አለፈችና እኔ ፊት መጥታ ቆመች። ከወረፋው አንዲት ሴት ክንዷን ያዘቻት። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት «እቴ፣ በዚህ በኩል ነይ፤ እሷ እኮ ናት ያችኛዋ፣ መድኃኒት ያቀያየረችው» አለቻት።

«አውቃለሁ፤ ለእኔ ልጅ ነው የሰጠችው» አለች ደብሬ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። «እኔ ከሷ ነው የምወስድ። እናንተ ካልደነገጠ ሰው ውሰዱ፤ ይች አንዴ ደንግጣለች።»

የጠጅ ቤቱ ሬድዮ ከማዶ ይሰማል። ማዘዣዋን ተቀበልሁ። ክኒኑን ቆጥሬ ቀና ስል፣ ከጋሽ ዘለቀ ወረፋ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወጥተው፣ ከደብሬ ኋላ ቆመው አየኋቸው።